ስምንት ጊዜ የተቀባው መስኮት

የሠራተኛ መታወቂያው ላይ ደህና ተደርጎ የተጻፈ ስም አለው። በዚያ ስም ግን ግቢውን ሙሉ ቀን ብትዞሩ የሚያሳያችሁ አታገኙም፤ በየማለዳው ሰላም የሚለው የበሩ ጥበቃ እንኳ «እንዲህ የሚባል ሰው እዚህ አላውቅም» ብሎ ይመልሳችኋል። «ጋሽ ቀስ በሉ» ካላችሁ ግን ትናንት የገባ ተማሪ ሳይቀር ከቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ ወዳለው አናጢ ቤት እጃችሁን ይዞ ያደርሳችኋል።

ቅጽል ስሙን ያወጣለት የገዛ አፉ ነው። ዩኒቨርሲቲው በየዓመቱ ተማሪዎቹን ለማኅበረሰብ አገልግሎት ሲያወጣ መሣሪያ ተሸክሞ አብሯቸው የሚሄደው እሱ ነው። ተማሪ ደግሞ መዶሻ ሲይዝ ምን እንደሚመስል ያየ ያውቀዋል። የሕክምናዎቹ ምስማሩን እንደ በሽተኛ ይዳስሱታል። የምሕንድስናዎቹ በስንት ኃይል መመታት እንዳለበት ሲከራከሩ ይቆዩና ጣታቸውን ይመቱታል። የሕጎቹ ማን ይምታ በሚለው ሳይስማሙ ይመሽባቸዋል። እሱ በመሀላቸው እየተዘዋወረ «ቀስ በሉ ልጆች፣ ቀስ በሉ፤ እንጨቱ የትም አይሄድም» ይላል። ሌላ ሰው ቢሆን በሁለተኛው ቀን መሣሪያውን ጥሎ ይሄድ ነበር። እሱ በሠላሳ አራት ዓመት ውስጥ አንድ ተማሪ ላይ ድምፁን ከፍ አድርጎ አያውቅም።

መጀመሪያ የተቀጠረው ለሦስት ወር ነበር፣ በሃያ ሦስት ዓመቱ፣ ለትልቁ አዳራሽ አግዳሚ ወንበር ሊሠራ። አግዳሚዎቹ ዛሬም አይነቃነቁም፤ ሦስት ወሩም እስካሁን አላለቀም። ልብስ ሰፊዋ ሚስቱ «ሰው አራት ዓመት ተምሮ ይወጣል፣ አንተ ዩኒቨርሲቲ ከገባህ ሠላሳ አራት ዓመት፤ መቼ ነው የምትመረቀው?» ትለዋለች። እሱም «የሚያሳልፈኝ መምህር ጠፍቶ እኮ ነው» ይላታል። ይህን ቀልድ በሳምንት አንዴ ይባባሉታል፣ በየሳምንቱም ይስቃሉ።

የምንተርከው ነገር የጀመረው የአገልግሎት ቀን ሊደርስ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ነው። የማኅበረሰብ አገልግሎት ጽሕፈት ቤቱን የምትመራው ዶክተር አስጠራችው። ዶክተሯ ሥራ የማትፈራ ሴት ናት፤ ስትራመድ ኮሪደሩ ያስተጋባል፣ አንድ ስልክ ጆሮዋ ላይ አንድ ስልክ እጇ ላይ አይጠፋም።

«ጋሼ፣ ዘንድሮም የምንቀባው የአረጋውያኑን ቤት ነው» አለችው። «ቀለሙን ከፋብሪካ በነፃ አግኝተናል። ሄደው ይለኩና ስንት ቆርቆሮ እንደሚበቃን ይንገሩኝ።»

«ዘንድሮም?»

«ቅርብ ነው፣ ለአውቶቡስ ይመቻል። ልጆቹም ይወዱታል።»

እውነቷን ነው። የአረጋውያኑ ቤት ከዩኒቨርሲቲው በር የሃያ ደቂቃ መንገድ ቢሆን ነው፤ ቅርብ መሆኑ ጠቅሞት ወይም ጎድቶት ስምንት ዓመት በተከታታይ ተቀብቷል። በከተማው ውስጥ እንደዚያ ቤት በየዓመቱ ልብስ የሚቀየርለት ሌላ ቤት የለም። ጣሪያው የሚያፈስበት ትምህርት ቤትም፣ ወንበር የሌለው ጤና ጣቢያም ራቅ ብለው ስለሚገኙ ተራቸው አልደረሰም።

ሰኞ ዕለት ሜትሩንና ትንሿን የመሣሪያ ቦርሳውን ይዞ ሄደ። ቤቱ ከመንገዱ ጋር ጎን ለጎን የተዘረጋ፣ ፎቅ የሌለው ረጅም ቤት ነው። ሃያ አራት ክፍል አለው፤ እያንዳንዱ ክፍል አንድ አልጋ፣ አንድ ቁም ሳጥን፣ ወደ መንገድ የሚያይ አንድ የእንጨት መስኮት፣ ከመስኮቱ ውጭ ደግሞ ወደ መንገዱ ወጣ ያለ የብረት ፍርግርግ። እየለካ፣ ቁጥሩን በእርሳስ መዳፉ ላይ እየጻፈ ሰባተኛው ክፍል ደረሰ።

እዚያ ያለችው ሃያ ስምንት ዓመት በከተማ አውቶቡስ ቲኬት የቆረጠች ሴት ናት። እግሯ እምቢ ካላት ቆይቷል፤ ድምጿ ግን ዛሬም የመጨረሻው ወንበር ድረስ ይደርሳል። ጎረቤቶቿ «እማማ ወራጅ» ይሏታል፤ ጠያቂ ተሰናብቶ ሊወጣ ብድግ ባለ ቁጥር «ወራጅ አለ!» ብላ ኮሪደሩን ስለምታናውጠው ነው። አናጢውን ከእግር እስከ ራሱ ረዘም አድርጋ አየችው።

«ምን ልትሠራ መጣህ?»

«ግድግዳ ልለካ ነው፣ እማማ።»

«ግድግዳውን ተወው እሱን። መስኮት መክፈት ትችላለህ?»

ሳቀ። አናጢ ሆኖ መስኮት መክፈት ትችላለህ ተብሎ ሲጠየቅ የመጀመሪያው ነው። ሜትሩን ኪሱ ከትቶ መስኮቱን ገፋ አደረገው። በመዳፉ ገፋው፣ በሁለት እጁ ገፋው፣ በመጨረሻ ትከሻውን አስጠግቶ ገፋው። መስታወቱ ተንቀጠቀጠ እንጂ መስኮቱ ንቅንቅ አላለም።

«አትድከም» አለችው። «ዘበኛው አንዴ በቢላዋ ሞክሮ ያንን መስታወት ሰንጥቆብኛል። ልጆቹ በመጡ ቁጥር እጠይቃለሁ። ጨዋ ልጆች ናቸው፣ ጉንጬን ስመው 'እማማ፣ የእኛ ፕሮግራም ቀለም ብቻ ነው' ይሉኛል። ሙቀቱንስ ቻልኩት። የማይቻለኝ መንገዱ ነው። ሰው ሲሄድ አያለሁ፣ አፉ ሲንቀሳቀስ አያለሁ፣ ምን እንደሚል አልሰማም። ድምፁ የጠፋ ቴሌቪዥን ፊት ስምንት ዓመት ተቀምጠህ ታውቃለህ?»

አናጢው ከቦርሳው መሮውን አወጣ። መዝጊያው ከፍሬሙ በሚጋጠምበት በኩል አስጠግቶ በቀስታ ሲመታው የአውራ ጣት ጥፍር የሚያህል የቀለም ቅርፊት ዱብ አለ። አንስቶ ወደ ብርሃኑ ያዘውና በጎኑ አየው። ስምንት መስመር አለው። ከላይ ያለው ክሬም የአምናዎቹ ነው። ከሥሩ አረንጓዴ፤ የእርሻ ተማሪዎቹ የመረጡት። ሮዙ ሕክምናዎቹ የመጡበት ዓመት ነው፣ ያን ዓመት አረጋውያኑ ቤታችን የሕፃናት ማቆያ መሰለ ብለው አጉረምርመው ነበር። አንድ በአንድ ያውቃቸዋል፤ ሁሉንም ያቀበለው እሱ ነው። ከሁሉም ሥር፣ እንጨቱ ላይ የተጣበቀው ግራጫ ነው።

ግራጫውን ሲያይ መሮውን አስቀመጠ።

በመጀመሪያው ዓመት የመጡት ተማሪዎች አሥራ ሁለት ብቻ ነበሩ። እነሱ ግድግዳውን ሲይዙ መስኮቶቹን የቀባው እሱ ራሱ ነው። መስኮት ተከፍቶ እንደሚቀባና እስኪደርቅ ተከፍቶ እንደሚተው የማያውቅ አናጢ በዓለም ላይ የለም። ያን ቀን ግን ደመናው ጠቁሮ፣ ሹፌሩ ጡሩምባውን እየነፋ፣ ቀለሙ እርጥብ እንደሆነ መስኮቶቹን አንድ በአንድ ዘጋቸው። ቀለሙ እንደ ሙጫ ይዞ ደረቀ። በቀጣዩ ዓመት የመጡት ልጆች ዝግ ሆኖ ያገኙትን ዝግ እንደሆነ ቀቡት፤ ከእነሱ በኋላ የመጡትም እንዲሁ። ሰውን ሁሉ ቀስ በሉ የሚለው ሰውዬ በሕይወቱ አንድ ቀን ቸኮለ፣ ያም ቀን ስምንት ዓመት ፈጀ።

ለሴትዮዋ ምንም አልነገራትም። ቅርፊቱን መሐረቡ ውስጥ ጠቅልሎ ኪሱ ከተተ፣ ቀሪዎቹን ክፍሎች ዞረ። ከሃያ አራቱ መስኮቶች የሚከፈቱት አምስት ናቸው። አምስቱም ቢሆኑ የሆነ ዓመት የሆነ ሰው ጉልበት ያዋጣባቸው ናቸው።

እራት ላይ ሚስቱ ሳህኑ ሳይነካ ሲቀር አየች። ነገሩን ከነቅርፊቱ አወጣላት። እሷም ቅርፊቱን የጨርቅ ጥራት እንደሚመረምር ሰው አገላብጣ አየችና «ንገራት» አለች።

«ለዶክተሯ ነገ እነግራታለሁ።»

«ለሴትዮዋ ነው የምልህ!»

«መጀመሪያ ልክፈትላት፣ ከዚያ እነግራታለሁ» አለ። ሚስቱ ሳህኑን አነሳችው። ሠላሳ ዓመት አብራው ስለኖረች ይህ ሰው ሥራ የማይፈራውን ያህል መናገር እንደሚፈራ ታውቃለች።

በነጋታው ቅርፊቱ የዶክተሯ ጠረጴዛ ላይ ነበር። ስልኮቿን ሁለቱንም አስቀምጣ ሰማችው፤ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

«አሥራ ዘጠኝ መስኮት ለመክፈት ስንት ቀን ይፈጃል?»

«በተማሪ እጅ ከሆነ ሦስት ቅዳሜ።»

«ፈተና ደርሷል ጋሼ። ቀለሙ መጥቷል፣ ባነሩ ታትሟል፣ እንግዳ ተጠርቷል።» ከዚያ የልቧን ተናገረች። «ደግሞ የተቀባ ግድግዳ ፎቶ ላይ ያምራል። የተከፈተ መስኮት ፎቶ ላይ ምን ይመስላል? የተከፈተ መስኮት ነው የሚመስለው።»

«ቀለሙ ይቆይ ነው የምለው፣ ዶክተር። ዘንድሮ መፋቂያ ይዘን እንሂድ።»

ዶክተሯ ቅርፊቱን ወደ እሱ ገፋ አደረገችው። «ቀኑ የተማሪዎቹ ነው። ምክር ቤታቸው ረቡዕ ትልቁ አዳራሽ ይሰበሰባል። እርስዎ እነሱን ካሳመኑ ቀለሙን እኔ ራሴ እመልሰዋለሁ።»

አሳምን ማለቷ ዋና የማያውቀውን ሰው ዋኝ እንደማለት ነበር። አናጢው ሰው ፊት ቆሞ የተናገረው በሠርጉ ቀን ብቻ ነው፣ ያኔም ሁለት ቃል። ስለዚህ አፉን ተማምኖ አልሄደም። ማክሰኞ ከሰዓት የቤቱን ኃላፊ አስፈቅዶ የሰባተኛውን ክፍል መስኮት ከነፍሬሙ ከግድግዳው ነቀለው። ክፍተቱን በላስቲክ ወጥሮ ሸፈነ፤ ፍርግርጉ ስላለ የሚያሰጋ ነገር የለም። ሴትዮዋ አልጋዋ ላይ ሆና ሥራውን ሁሉ ተከታተለችው፣ እሱ ግን ዓይኑን ከብሎኑ አላነሳም።

ረቡዕ መስኮቱን በጋሪ እየገፋ አዳራሹ ገባና ጠረጴዛ ላይ አቆመው። ገና በጎረምሳነቱ የሠራቸው አግዳሚዎች ላይ መቶ አምስት የተማሪ ተወካዮች ተቀምጠው ያዩታል። የምክር ቤቱ ሊቀመንበር የሕግ ተማሪ ናት፤ ድምጿ ትንሽ፣ ሰዓት አያያዟ ግን የማይበገር። «አምስት ደቂቃ አለዎት፣ ጋሼ» አለችው። አንደኛው ደቂቃ ላብ በመጥረግ አለቀ።

«እዚህ ውስጥ ጉልበተኛው ማነው?» አለ በመጨረሻ።

አዳራሹ በአንድ ድምፅ የዩኒቨርሲቲውን የእግር ኳስ ቡድን በረኛ ጠራ። ልጁ ቁመቱ በር ያህላል፤ እጁን እያፍተለተለ ወጣ።

«ክፈትልኝ እስቲ።»

በረኛው ፈገግ እያለ ገፋው። ከዚያ ፈገግታውን ትቶ ገፋው። ሁለት ጓደኞቹ መስኮቱን ደግፈውለት በትከሻው ሲሞክር አዳራሹ እየሳቀ ያጨበጭብ ጀመር። ልጁ ጆሮው ቀልቶ «ይሄ መስኮት አይደለም፣ ግድግዳ ነው!» አለ።

«መስኮት ነው» አለ አናጢው። «ከኋላው አንዲት እናት አሉ።» ቅርፊቱን ከመሐረቡ አውጥቶ ከፊት ላለችው ልጅ ሰጣት፣ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። «ቁጠሩት። እያንዳንዱ ቀለም አንድ የአገልግሎት ቀን ነው። ሮዙ፣ አረንጓዴው፣ ክሬሙ የእናንተ ታላላቆች ናቸው። እነሱ አላጠፉም። ከሥር ያለው ግራጫ የእኔ ነው። እርጥቡን የዘጋሁት እኔ ነኝ። እናንተን ቀስ በሉ የምለው ሰውዬ።»

ሳቁ ቆመ። የቀረውን ደቂቃ ምን እንደሚያደርግበት ስላላወቀ ጎንበስ ብሎ ምስጋና አቀረበና ተቀመጠ፤ ከሠራቸው አግዳሚዎች በአንዱ ላይ ሲቀመጥ ይህ የመጀመሪያው ነበር፣ ጠንክሮ አገኘው።

ከዚያ ክርክር ሆነ። አንዱ ፈተና ሊደርስ እንዴት ሦስት ቅዳሜ ይባላል አለ። ሌላዋ ለምረቃ የሚያስፈልገን የአገልግሎት ሰዓት በአንድ ቀን የሚሞላልን ሲሆን ለምን እናወሳስበዋለን አለች። አንዱ ደግሞ የእኛ ሙያ አይደለም አለ፣ የእሱ ሙያ ምን እንደሆነ ግን ሳይናገር ተቀመጠ። እጅ ወጣ። ለቀለም ስልሳ አንድ፣ ለመስኮት አርባ አራት። አናጢው ቅስሙ ተሰበረ። መስኮቱን ጋሪው ላይ መልሶ፣ አንገቱን ደፍቶ፣ አዳራሹን ለቆ ወጣ።

ሊቀመንበሯ ቤተ መጻሕፍቱ ጋ ሮጣ ደረሰችበት።

«ጋሼ፣ ቃለ ጉባኤውን እኔ ነኝ የጻፍኩት» አለች እያለከለከች። «ምክር ቤቱ ያለው በሚቀጥለው ሳምንት ቅዳሜ ቀለም ይቀባ ነው። ከቅዳሜ በፊት መስኮት አይከፈት ያለ ሰው የለም።»

አናጢው ጋሪውን አቆመ። ሕግ መማር ጥቅሙ ምን እንደሆነ ያን ቀን ገባው።

በነጋታው አሥር ሰዓት ላይ መፋቂያ፣ ቢላዋና ብርጭቆ ወረቀት አዘጋጅቶ የአረጋውያኑ ቤት በር ላይ ጠበቀ። እጃቸውን ካወጡት አርባ አራቱ ውስጥ ሁለት መጡ። እጅ ማውጣት ሁልጊዜ ከመፋቅ ይቀላል። ሦስተኛዋ ሊቀመንበሯ ናት፤ ሰብሳቢ ስለሆነች ድምፅ እንኳ አልሰጠችም ነበር። አራተኛ ሆኖ የመጣው በረኛው ነው፣ እሱ ደግሞ ድምፁን የሰጠው ለቀለም ነበር። «መስኮት አሸነፈው እየተባልኩ መኖር አልችልም» አለ።

ሥራው አሰልቺ ነው። መጀመሪያ በመጋጠሚያው ዙሪያ በቢላዋ ማስመር፤ ከዚያ መፋቂያውን አስገብቶ፣ እንጨቱን ሳያቆስሉ፣ በጣት ጥፍር መጠን እያላቀቁ መዞር፤ ሲላቀቅ ማጠፊያውን ዘይት ማጠጣት፣ ጠርዙን በብርጭቆ ወረቀት ማለስለስ፣ ሻማ መቀባት። አንድ መስኮት ከሁለት ሰዓት በላይ ይወስዳል። ልጆቹ በቸኮሉ ቁጥር ያ የታወቀ ድምፅ ከኋላቸው ይመጣል፤ ቀስ በሉ። አሁን ግን ሲለው ድምፁ ዝቅ ይላል።

የመጀመሪያው መስኮት ሲከፈት የሦስተኛው ክፍል ሽማግሌ አልጋቸው ላይ ሆነው ነፋሱ ፊታቸውን ሲነካቸው ዓይናቸውን ጨፈኑ። ያንን ያየች አንዲት ልጅ በማግስቱ አራት የመኝታ ክፍል ጓደኞቿን ይዛ መጣች። ቅዳሜ ሲሆን አሥራ አንድ፣ በሚቀጥለው ማክሰኞ አሥራ ዘጠኝ ሆኑ። ሰዓቱ ይያዝልናል ወይ ብሎ የጠየቀ ነበር፤ እቅድ ውስጥ ስለሌለ አይያዝም ተባለ። ሁለቱ ቀሩ፣ ሌሎቹ መፋቂያቸውን አላስቀመጡም። ለሁሉም የሚበቃ መፋቂያ ስላልነበረ በማስመሪያ የሚፍቁ ነበሩ፣ ማስመሪያው የምሕንድስናዎቹ ነው።

ሐሙስ ዶክተሯ መጣች። ምን እየተደረገ እንደሆነ ልታይ ነው፣ ምናልባትም ልትቆጣ። በኮሪደሩ እስከ ጫፍ ተራመደች፣ አንዲት የፊዚክስ ተማሪ መፋቂያ አጥታ በቁልፍ ስትታገል አየች፣ ሰዓቷን ፈታ ቦርሳዋ ከተተች። እስኪመሽ ድረስ አንድ መስኮት ላይ ሠራች፣ ሁለት ጥፍር ሰበረች፣ ስልኮቿ ሲጮሁ አላነሳቻቸውም። አርብ ጠዋት በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ በእጇ የጻፈችው ወረቀት ተለጠፈ። «ቅዳሜ ማንኛውም መስኮት ተከፍቶ ይቀባል። ሳይደርቅ የሚዘጋ ሰው ከእኔ ጋር ይነጋገራል።» ከሥሩ፣ በትንንሽ ፊደል፣ መስኮት የፋቃችሁ ልጆች ሰዓታችሁ ይያዝላችኋል የሚል ተጨምሮበታል። እንዲህ ያለች ሴት ናት፤ ዘግይታ ብትደርስም በባዶ እጇ አትደርስም።

የሰባተኛውን ክፍል መስኮት ግን አናጢው ለማንም አላስነካውም። አናጢ ቤቱ ውስጥ ብቻውን ፋቀው፣ ስምንቱንም፣ እስከ እንጨቱ። የተሰነጠቀውን መስታወት ቀየረለት፣ ቀባው፣ ተከፍቶ እንዲደርቅ ሰቀለው። በእነዚህ ሁሉ ቀናት ኮሪደሩን ሃምሳ ጊዜ ሲመላለስ ሰባተኛው ክፍል በር ላይ ሲደርስ እርምጃው ይፈጥናል። «ደህና ነዎት፣ እማማ?» ብሎ መልሱን ሳይጠብቅ ያልፋል። ሴትዮዋ ላስቲኩን በሁለተኛው ቀን በአሮጌ ምርኩዟ ጫፍ ቀዳ ጥላዋለች። አትክልት ሻጯ ጋሪዋን ከመስኮቱ ሥር ማቆም ጀምራለች፣ የሰፈሩን ወሬ ከቲማቲሙ ጋር ታራግፋለች። አውቶቡስ ፌርማታው ላይ በቆመ ቁጥር ከፍርግርጉ ውስጥ «ወራጅ አለ!» የሚል ድምፅ ይመጣል፣ መንገደኛው ሁሉ ዞሮ ይፈልጋል።

ቅዳሜ እንደታቀደው ሆነ። ሦስት መቶ ተማሪ መጣ፣ ባነሩ ተሰቀለ፣ እንግዳው ንግግር አደረጉ፣ ግድግዳው ቢጫ ሆነ። መስኮቶቹ ሁሉ ክንፋቸውን ከፍተው ተቀቡ። በረኛው ከክፍል ክፍል እየዞረ የዘጋ እንዳለ ይቆጣጠር ነበር፣ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ።

አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን ተማሪዎቹ ብሩሻቸውን አጥበው ወደ አውቶቡሶቹ ጎረፉ። አናጢው ያን ጊዜ ነው የሰባተኛውን ክፍል መስኮት ተሸክሞ የገባው። ፍሬሙን ከቦታው አስገብቶ ማጥበቅ ጀመረ። ውጭ ሹፌሩ ጡሩምባ ነፋ።

«እማማ፣ አንድ ነገር ልንገርዎት።»

«ንገረኝ፤ ብሎኖቹን ግን መጀመሪያ ከአፍህ አውጣቸው።»

አወጣቸው። እጁ ላይ ይዟቸው ቆመ፤ መቶ አምስት ሰው ፊት የተናገረው ነገር እዚህ አንድ ሰው ፊት ከበደው።

«ይሄ መስኮት... ልጆቹ አይደሉም። መጀመሪያ የቀባሁት እኔ ነኝ። ቀለሙ ሳይደርቅ የዘጋሁብዎትም እኔ ነኝ።»

«አውቃለሁ» አለችው።

«እንዴት?»

«እዚሁ ክፍል ነበርኩ። ያኔ በምርኩዝም ቢሆን እቆም ነበር። 'አትዝጋው' አልኩህ፣ 'ዝናብ መጣ' አልከኝ። አውቶቡሱ እንዲሁ ይጮህ ነበር። 'እማማ፣ ነገ መጥቼ እከፍትልዎታለሁ' ብለኸኝ ሮጥክ።»

አናጢው ያንን ቃል በልቡ ፈለገው። ደመናውን አስታወሰ፣ ጡሩምባውን አስታወሰ፤ ቃሉን ግን አጣው። ከጥፋቱ ሁሉ ይህ ይበልጥ ጸጸተው፤ እሷ ስምንት ዓመት የያዘችውን እሱ አንድ ቀን እንኳ አልያዘውም ነበር።

«ሰኞ ለት ሲያዩኝ ለምን አላሉኝም?»

«ሃያ ስምንት ዓመት ቲኬት ቆርጫለሁ» አለች። «ሳይቆርጥ ገብቶ ሕዝብ መሀል የሚደበቅ ሰው በአንገቱ ይታወቃል። አልጮህበትም። ዝም ብዬ ነው የማየው፤ ራሱ ወደ እኔ ይመጣል ወይስ በኋላ በር ይወርዳል ብዬ። አንተ ሁለት ሳምንት በዚህ ኮሪደር አጎንብሰህ ስታልፍ፣ ይኸው ሊወርድ ነው፣ ይኸው ሊወርድ ነው እል ነበር።»

በረኛው በበሩ ብቅ አለ። «ጋሼ፣ አውቶቡሱ ሊሄድ ነው! እርስዎን ብቻ ነው የሚጠብቀው!»

«ይሂድ።»

«በእግርዎ ሊመጡ?»

«ሂድ ልጄ፣ ንገራቸው።»

ጡሩምባው አንዴ ተነፋ፣ ደገመ፣ ከዚያ ሞተሩ እየራቀ ሄደ። አናጢው የመጨረሻውን ብሎን አጠበቀ፣ አልጋውን ወደ መስኮቱ አስጠጋላትና እጀታውን አስያዛት። ሴትዮዋ በአንድ ጣቷ ገፋችው። ተከፈተ። ሳበችው፣ ተዘጋ። እንደገና ከፈተችው፣ ዘጋችው፣ ከፈተችው፤ የሚጫወት ሕፃን ይመስል ሳቀች። የመንገዱ ድምፅ ሁሉ ክፍሉን ሞላው። አናጢው ዓይኑ እንባ አቀረረ፣ ለማንም ሊደብቀው አልሞከረም።

መሣሪያውን ቦርሳው ውስጥ እየከተተ «ነገ መጥቼ ማጠፊያውን አየዋለሁ» ሊል ነበር። ቃሉ ከንፈሩ ላይ ሲደርስ መለሰው። ቦርሳውን ወለሉ ላይ መልሶ አስቀመጠ።

«ሌላ የማይከፈት ነገር አለ?» አላት።

በአገጯ ቁም ሳጥኑን አሳየችው። «የታችኛው መሳቢያ። ሦስት ዓመቱ ነው።»

ካቻቢቴውን አውጥቶ መሳቢያው ፊት ተንበረከከ።